አራተኛው መስመር

ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
እሑድ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ ለኤቢሴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የኢስታንቡል ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ትንሽ ታማርራለች እንጂ ከጎረቤት ጋር መከራከሯን አላቆመችም፤ ስለዚህ ደህና ናት ማለት ነው። ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን ሁሉ በራችን ላይ ያቃጠለ ይመስል ጭሱ እስካሁን ከመጋረጃው አልወጣም እያለች ሁለት ጊዜ አጥባዋለች። እኔም ትናንት ፎቶ ቤቱን ሳልከፍት ዋልኩ። ለጎረቤት «ትንሽ አሞኝ ነው» አልኩ። ውሸት ነው፤ ምንም አላመመኝም። እውነተኛውን ምክንያት ላንቺ ልነግርሽ ነው የተቀመጥኩት።

ጽሕፈቴን አይተሽ ሳትስቂ አትቀሪም። ይህን የምጽፍልሽ ወረቀት ላይ ሳይሆን መስታወት ላይ ነው። የወንድዬን ታብሌት ተውሼ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ በእስክሪብቶው እየጻፍኩ ነው። ገጹ ሲሞላ ሌላ ገጽ ራሱ ይከፍትልኛል። ስጨርስ እንደ ፎቶ ሆኖ ይደርስሻል። ብደውልልሽ ይቀል ነበር፤ ግን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔና አንቺ በስልክ ከጤናና ከአየር ጠባይ አልፈን አናውቅም። ዛሬ ማለፍ ፈልጌያለሁ።

ከነሐሴ ጀምሮ አንድ ነገር ጠይቀሽኝ መልስ አላገኘሽም። «አባ፣ በእስክሪብቶ የሚሠራ ታብሌት ልግዛልህ። አንተ ብቻ መርጠህ ንገረኝ፤ ሰው ሲመጣ እልካለሁ» ብለሽኝ ነበር። እኔም «እስቲ ልየው» ብዬ ዝም አልኩ። እናትሽ እንደነገረችኝ አንቺ ዝምታዬን «ከእኔ መቀበል አይፈልግም» ብለሽ ነው የተረጎምሽው። አልደብቅሽም፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ እንዲያ ነበር። በኋላ ግን ምርጫው ራሱ ያዘኝ። ሦስት ወር ሙሉ እንደ ልጅ የሰው ሱቅ መስኮት ላይ ተለጥፌ ከረምኩ።

ለምን እንደያዘኝ ልንገርሽ። አንቺ የእኔን የጥንቱን ሥራ አልደረስሽበትም። ያኔ ኔጋቲቩን ከመብራት ፊት አስቀምጠን፣ እርሳሳችንን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መርፌ አሹለን፣ ጠባሳውንም ሽብሽቡንም በነጥብ በነጥብ እንሞላው ነበር። ሪቱሽ ማለት እሱ ነው። ጫን ስትዪ ይጠቁራል፣ ለቀቅ ስትዪ ይሳሳል፤ የሰው ፊት በጣትሽ ጫፍ ይታወቅሻል። ኮምፒውተር ሲመጣ ማውስ ሰጡኝና «በዚህ ሥራ» አሉኝ። ማውስ ይዞ የሰው ቅንድብ መሥራት ሳሙና ይዞ ፊርማ መፈረም ነው። ለመድኩት፣ እንጀራዬም ሆነ፤ ግን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም። ስለዚህ አንቺ «በእስክሪብቶ የሚሠራ» ስትዪኝ፣ አፌ ዝም ቢልም እጄ ሰምቶሽ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሱቅ ከመሄዴ በፊት የምሞክርበትን ፎቶ ፍላሽ ላይ ጫንኩ። ፍላሹን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት፤ እናትሽ «የቄስ መስቀል አደረግከው» ብላ ስቃብኛለች። መኪና የሚገዛ ሰው ዳገት መርጦ እንደሚሞክር፣ እኔም ከፎቶ ቤቱ ፋይል ሁሉ ከባዱን መረጥኩ። ከባዱ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእትዬ ወለተጻድቅ እናት ፎቶ ነው።

ስማቸውን ሳነሳ ፊትሽ ሲለወጥ ይታየኛል። ታገሺኝ። ያንን ቀን እኔና አንቺ አንድም ጊዜ አውርተነው አናውቅም፤ ዛሬ ከነሙሉው ላውራው።

እትዬ ወለተጻድቅ ፎቶውን ያመጡት ለእናታቸው አርባ አሳድገን በፍሬም እንድንሰጣቸው ነበር። በሰባዎቹ የተነሳ የከለር ፎቶ ነው፤ ከእሱ ሌላ የላቸውም። ጣሪያ አፍስሶበት ከጉንጭ እስከ አንገት ቡናማ እድፍ ወርዶበታል። ስካን አድርጌ ፎቶውን ዕለቱን መለስኩላቸውና ሥራውን ላንቺ ሰጠሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ቀና ሳትዪ ሠራሽው። ስትጨርሺ ጠራሽኝ፤ እኔም በዚያው ስክሪን ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁትና «ጎበዝ» አልኩሽ። ይህን እንዳትረሺ። አይቼዋለሁ፤ «ጎበዝ»ም ብያለሁ።

ከእድፉ ጋር አብሮ የጠፋው የአንገታቸው ንቅሳት ነበር። አራት ዙር መስመር፣ አንገታቸውን ከበው የሚያልፉ። አንቺ እድፍ መስሎሽ ጠረግሽው፤ እኔም እድፍ መስሎኝ አለፍኩት።

በአርባው ማግስት እትዬ ወለተጻድቅ ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልለው ከሁለት እህቶቻቸው ጋር መጡ። ሁልጊዜ «አንተ ያደሳ» ነበር የሚሉኝ። ያን ቀን አንቱ አሉኝ። «አቶ ያደሳ፣ ይህቺን ሴትዮ አላውቃትም። የእናቴን አንገት የት አደረሱት?» አሉ፤ ሳይጮሁ። ለጉርድ ፎቶ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

እኔ ምን አደረግኩ? ወደ አንቺ ዞርኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ማውሱን አስቀምጪ። ይህ እጅ ከእንግዲህ የሰው ፊት አይነካም» አልኩሽ። አንቺ ማውሱን በቀስታ አስቀምጠሽ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው ገፍተሽ ወጣሽ። ከሦስት ወር በኋላ ከአገርም ወጣሽ። አየር ማረፊያ ሻንጣሽን ያዝኩልሽ እንጂ እጅሽን አልያዝኩም። ዛሬ በዚያው እጅ ኢስታንቡል ተቀምጠሽ የማታውቂያቸውን ሰዎች ፊት ፎቶ ላይ ታሳምሪያለሽ። ይባስ ብለሽ ለእኔ መሥሪያ ልትገዢልኝ ትጠይቂኛለሽ። ሳስበው አፍራለሁ።

እና ይህን ፎቶ ለምን መረጥክ ብትዪኝ «ከባድ ስለሆነ ነው» ነው መልሴ። ለራሴም እንዲያ ብዬ ነው የነገርኩት።

መጀመሪያ የሄድኩት ቤቴል መታጠፊያው ላይ ወዳለችው አልፊያ ሱቅ ነው። የድሮ ላፕቶፕ ትሸጥ የነበረችው፤ አሁን ሱቋን አስፍታ መስታወት በመስታወት አድርጋዋለች። ስገባ «ጋሽ ያደሳ፣ ለልጅ ጨዋታ ነው ለራስዎ?» አለችኝ።

«ለፎቶ ነው።»

«ለፎቶ ከሆነ የዚህኛው ካሜራ አንደኛ ነው።»

«ካሜራውን ማን ጠየቀሽ? እስክሪብቶውን አሳዪኝ።»

የመጀመሪያውን አወጣችልኝ። ፎቶውን ከፍቼ ጉንጩ ላይ አንድ መስመር ሳብኩ። መስመሩ ከእጄ ኋላ ቀርቶ ይመጣል። እጄ አገጭ ደርሶ መስመሩ ገና ጆሮ ጋ ነው። ብጫነውም ባልጫነውም ውፍረቱ ያው ነው። «ቀስ ብለው ይሥሩበት» አለችኝ። «ቀስ ማለቱን ለእኔ ተይልኝ፤ እሱ ይፍጠን» ብዬ መለስኩላት።

ሁለተኛውን ስታወጣ ግን አፌን ያዝኩ። ቀጭን ነው፣ ከእናትሽ የመዝሙር ደብተር አይወፍርም። እስክሪብቶውን ሳስነካው እርሳሴ ተመለሰልኝ። ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን፣ ለቀቅ። ስክሪኑ ያበራል። ሰዓቱን ረስቼ ተቀምጬ ጉንጩ ላይ ስሠራ ሻይ አስመጣችልኝ። ሁለተኛውን ሻይ ስታስመጣ «ጋሽ ያደሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ገዢ ነዎት ተቆጣጣሪ?» አለችኝ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ጉንጩ ላይ ብቻ ነው የሠራሁት። ወደ አንገት አልወረድኩም።

ያንን ቀጭኑን ለሦስት ቀን ሳስበው ሰነበትኩ። እናትሽ «ለእኔ ጫማ ስትገዛ አንድ ደቂቃ አልፈጀብህም» እስክትለኝ ድረስ። ለእኔ የማይሆንበት ምክንያት ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚሠራበት ፕሮግራም እንደ ስልክ ያለ ነው። የእኛን ትልቁን ስካን ከፍቼ፣ በላዩ ሌየር ስደርብበት ስደርብበት፣ ደከመውና ራሱን ዘጋ። የሠራሁትም አብሮ ሄደ። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ሰው ለማስደሰት የተሠራ ነው። ሁሉን ያሳምራል። የለቅሶ ፎቶ እንኳ ሠርግ ያስመስላል። አልፊያን እንዲህ ስላት «ታዲያ ቢያምር ምን አለበት?» አለችኝ። ለሌላ ሰው ምንም የለበትም። የሞተ ሰው ፊት አደራ ለሚቀበል ግን አለበት።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ሱቅ ውስጥ አይደለም። ባለፈው ረቡዕ ወንድዬን ታክሲ ፌርማታ ላይ አገኘሁት። ወንድዬን ታውቂዋለሽ፣ ሠርግ የሚያነሳው፣ አፈ ጮሌው። ሠርጉ ላይ ያነሳውን በመኪና እየሄደ አርሞ ለመልሱ ያደርሳል ሲሉ ሰምቼ አላምንም ነበር። «ኑና ይዩታ ጋሼ» ብሎ ቤቴል ቤቱ ይዞኝ ሄደ።

የእሱ ከአልፊያዎቹ ይወፍራል። ከኋላው እንደ ፍሬም የሚያቆም እግር አለው፤ ኪቦርዱ ሲፈልጉ ይነቀላል። ጭንሽ ላይ ስታስቀምጪው እንደ ድመት ይሞቃል፣ ትንሽም ያጉረመርማል። ሳየው ብዙ አልወደድኩትም።

«መልኩን አይዩት» አለኝ ወንድዬ። «ይሄ ታብሌት መስሎ የተቀመጠ ላፕቶፕ ነው። ፕሮግራሙ ሙሉው ነው፣ ያው እርስዎ የሚያውቁት። ቀለሙን ደግሞ በመሣሪያ አስለክቼዋለሁ። ስክሪኑ አይዋሽም።»

ይህቺን ቃል ከዚህ በፊት የሰማሁት ካንቺ ነው። «አባ፣ ይህ ስክሪን ቀለም ይዋሻል፤ እንቀይረው» ያልሽኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? እኔ ምን እንዳልኩሽ ትዝ ይለኛል። «የሚሠራው ዓይን ነው እንጂ ስክሪን አይደለም። ይህ ዓይን አርባ ዓመት ሠርቷል» ነበር ያልኩሽ፤ ሳቅኩብሽም። ከጨረታ ያመጣሁት ስክሪን ነበር፤ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ጥሩ ነው።

ፍላሹን ሰጠሁት። ፎቶው ተከፈተ። ወንድዬ ሳልጠይቀው በጣቱ ከፈት አድርጎ ወደ አንገት ወረደና «ውይ፣ ንቅሳታቸው ሲያምር!» አለ።

«የቱ ንቅሳት?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ይሄዋ ጋሼ። አረንጓዴው።»

ልጄ፣ አረንጓዴ ነው። እድፉ ቡናማ ነው፣ ንቅሳቱ አረንጓዴ ነው። በአንዳንድ ቦታ እድፉ ሸፍኖታል፤ በቀረው ቦታ ግን ሕፃን እንኳ ይለየዋል። ወንድዬ ታሪኩን አያውቅም፤ ፎቶውንም ያየው ገና ያኔ ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ታብሌቱን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ጾም ስለገባ ሠርግ የለም፤ «እስከ ሰኞ ጠዋት ይያዙት» አለኝ። በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ያንን ፋይል በእኛ ስክሪን ላይ ከፈትኩና የወንድዬን አጠገቡ አቆምኩት። በእኛው ላይ እድፉም ንቅሳቱም አመድ ነው፤ አንድ ዓይነት አመድ። ዓይኔን ጠራርጌ አየሁ፤ ተጠግቼ አየሁ፤ ርቄም አየሁ። ልዩነት የለውም። አንቺ በተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩና አንቺ ያየሽውን አየሁ።

እጅሽ አልተሳሳተም ኤቢሴ። ያልታየሽን ነገር ነው የጠረግሽው። እንዳይታይሽ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ነግረሽኝም አልሰማሁም። ከዚያ ደግሞ በሰው ፊት ጥፋቱን ላንቺ ሰጠሁ። ይቅርታ ለማንም ጠይቄ አላውቅም፤ እናትሽም ምስክሬ ናት። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ፎቶ ቤቱ ውስጥ ስንቆራጠጥ ዋልኩ፤ ስክሪኑን ሸፈንኩት፣ መልሼ ገለጥኩት። እናትሽ ነገሩን ስትሰማ «ቁጭ ብለህ ከምታዝን ሂድና ለሴትዮዋ ሥራላቸው» አለችኝ። ትክክል ነበረች፤ ትክክል መሆኗን እንዳትነግሪያት።

ትናንት ጠዋት ታብሌቱን በፎጣ ጠቅልዬ በእናትሽ ዘንቢል ከትቼ ወጣሁ። ኮልፌ ገበያ መሐል እንዲህ ያለ ዕቃ አንጠልጥሎ ማለፍ አይመከርም፤ ከላዩ ጎመን ደረብኩበት። እትዬ ወለተጻድቅ በር ላይ ቆመው ሽንኩርት የምሸጥ መሰላቸው። ሲያውቁኝ «አንተ ያደሳ፣ ደግሞ ምን ልታጠፋ መጣህ?» አሉኝ። አንተ ስላሉኝ ደስ አለኝ።

ቤታቸው ግድግዳ ላይ እናታቸው ከነእድፋቸው ተሰቅለዋል። ያኔ ፍሬሙን ከመለሱ በኋላ ሳይነካ አሳድጌ የሰጠኋቸው ነው። ሁለት ዓመት በዚያ እድፍ ሥር ተቀምጠው ኖረዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ስክሪኑ፣ «ጎበዝ» ስላልኩት፣ ላንቺ ስለተናገርኩት። እስከ መጨረሻ ሰሙኝና እንዲህ አሉ፦ «ታዲያ ይህን ለእኔ ምን አስወራህ? ለልጅቱ ንገራት እንጂ። እኔ የዚያን ቀን የተቆጣሁት አንተን ነው። አንተ ነህ እሷ ላይ ያላከክኸው። ወጥታ ስትሄድ አይቻታለሁ፤ ልከተላት ሲገባኝ ቀረሁ።»

ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ታብሌቱን በማቆሚያ እግሩ አቁሜ እድፉን በእስክሪብቶው ማንሳት ጀመርኩ። ከጉንጩ አነሳሁ፣ ከአገጩ አነሳሁ። አንገቱ ላይ ስደርስ፣ ንቅሳቱ በሚታይበት ቦታ በመስመሮቹ መሐል እየገባሁ ለቀምኩት። እድፉ በበላው ቦታ ግን መስመሩ የለም። የት ጋ እንደሚያልፍ አላውቅም። እኔ ፎቶ ቤት በማውስ ስሠራ፣ የፎቶው ባለቤት ቤቱ በነበረ ጊዜ ቢሆን ገምቼ እሞላው ነበር።

«እዚህ ጋ ነው የሚያልፈው» ብለው እትዬ ወለተጻድቅ በጣታቸው ነኩት። ፎቶው ሸርተት ብሎ ከስክሪኑ ወጣ። «እናቴን ወዴት ወሰድካት?» ብለው ደነገጡ። እኔ ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ሲያዩኝ ሳቁ። ጣት እንዳይሰማ አድርጌ ዘጋሁትና እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው።

«እኔ ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ እስክሪብቶ አልያዝኩም።»

«ይያዙት። ቢበላሽ ወደ ኋላ ይመለሳል።»

ያዙት። አንደኛውን ዙር ሠሩ። መስመሩ ይጣመማል። ጫን ሲሉ ይወፍራል፣ ሲፈሩ ይሳሳል። ላስተካክለው እጄን ስዘረጋ መቱኝ። «ተወው። የእናቴም እንዲሁ የተጣመመ ነበር። የነቀሰቻት አክስቷ ዓይኗ ደካማ ነበር ይባላል።» ከዚያ ሁለተኛውን ሠሩ። መሐል ላይ መብራት ሄደ፤ ቤቱ ትንሽ ጨለም አለ፣ ታብሌቱ ግን እየበራ ቀጠለ። ሦስተኛውን ሠሩ። ሲሠሩ ያወሩልኛል፤ እናታቸው ሲስቁ አንገታቸውን እንዴት እንደሚሰብሩ፣ ሲቆጡ የትኛው መስመር ቀድሞ እንደሚነሳ። እኔ አርባ ዓመት ፊት ሳድስ የፊቱ ባለቤት ዘመድ አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም ነበር። ፎቶ ተቀብዬ፣ በሩን ዘግቼ፣ እንደ መሰለኝ ሠርቼ ነው የምሰጠው። በዚህ ዕድሜዬ ሥራዬን ገና የተማርኩት ትናንት ነው።

ስለዚህ ምርጫዬ ይኸውልሽ። ሦስተኛው ዓይነት ይሁን። ይወፍራል፣ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል፤ እኔም እንዲሁ ነኝ፣ እንስማማለን። ሙሉውን ፕሮግራም የሚሸከም፣ ሚሞሪው ከወንድዬው እጥፍ የሆነ፤ የእሱም አንዳንዴ ሌየር ሲበዛበት ያስባል። ስክሪኑ ከዚህ እንዳያንስ፤ ዓይኔ እንደ ቀድሞው አይደለም። ይህን ደግሞ ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ከመላክሽ በፊት ቀለሙን እዚያው በመሣሪያ አስለኪልኝ። ስክሪኑ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ወረቀት የሚል ሽፋን አለ ይላል ወንድዬ፤ ካገኘሽ ጨምሪው፣ መስታወቱ እስክሪብቶውን ያንሸራትተዋል። ዘንቢል አለኝ፣ ቦርሳ አያስፈልግም። ኪቦርዱን እንደተመቸሽ አድርጊ።

እስክሪብቶውን ግን ሁለት ላኪ። ትንሽ ነገር ነው፣ ሊጠፋ ይችላል። ባይጠፋ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ወንበሩም እንዳለ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም፣ እኔ የዚያን ዕለት ካልሆነ በቀር። የድሮውን ስክሪን አውርጄዋለሁ፤ እናትሽ «በላዩ ጎመን ልዝራበት?» ብላኛለች።

የሰላምታው ነገር፦ እናትሽ ዋጋነሽ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ወፍራም ካልሲ ልበሺ ብላለች። አልፊያ «ተቆጣጣሪው ምን ወሰኑ?» ብላ በሄድኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች። መድኃኔዓለም መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልሽ። በሰው አገር የሰው ፊት አያሳይሽ፤ የምትነኪው ሁሉ ይቅናልሽ። አያትሽ በኦሮምኛ እንደምትልሽ እኔም ዛሬ ልበልሽ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። እትዬ ወለተጻድቅ ሦስተኛውን ዙር ሲጨርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጡና «አራተኛው በቀሚሷ ጠርዝ ነው፣ ግማሹ ይታያል ግማሹ ይደበቃል። እሱን አንተ ጨርሰው፣ እኔ ደከመኝ» አሉኝ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እስክሪብቶውን አነሳሁ፣ አንገቱ ድረስ አደረስኩት፣ መለስኩት። «ይህን የሚጨርሰው ሌላ ሰው ነው» አልኳቸው። ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ስንት ቀን ይፈጃል?» ብቻ አሉ። «ጠይቄያት እነግርዎታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ፋይሉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ያንቺ ስክሪን እንደማይዋሽ አውቃለሁ። ስትከፍቺው ንቅሳቱ አረንጓዴ ሆኖ ይታይሻል። ሦስቱ ዙር ተሠርቷል፤ የአራተኛው ቦታ ባዶ ነው።

ያ እጅ ይጨርሰው።

አባትሽ
ያደሳ